ዋስህ ማን ነው? የዋስትና ታሪክ ከቁራኛ እስከ አንቀጽ 525

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «አደንዛዥ ዕፅ ይዞ በመገኘት ክስ ፍርድ ቤቶች ዋስትናን እንዴት ይወስናሉ» ተብሎ ተለጥፏል። ርዕሱን ያየ የሕግ ተማሪ የአንቀጽ ዝርዝር ጠብቆ መጥቶ ይሆናል፤ የታሪክ ተማሪ ደግሞ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ሊቀር አስቦ ይሆናል። ሁለታችሁም በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ወጣት ጥቂት የካናቢስ ቅጠል በኪሱ ተገኝቶበት ችሎት ፊት ሲቆም ዳኛው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከየት እንደ መጡ ሳናውቅ፣ የሚሰጡትን ትእዛዝ በተገቢው መንገድ ልንመዝን አንችልም።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የአገራችን የዳኝነት ልማድ ለረጅም ዘመን የተያዘን ሰው የሚጠይቀው «ዋስህ ማን ነው?» ብሎ ነበር። ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከዚህ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ገባ፤ «የተጠቀሰብህ አንቀጽ የትኛው ነው?» የሚል። በዕፅ ጉዳዮች ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ሊውጠው ደርሷል። ሲውጠውም ዋስትናን የሚወስነው ሰው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ዳኛ መሆኑ ቀርቶ፣ ክሱን የሚጽፈው ዐቃቤ ሕግ ይሆናል።

ከጥንቱ ልጀምር። በቀድሞው ሙግት ዋስ መጥራት በአንድ ደረጃ ላይ ብቻ የሚፈጸም ሥርዓት አልነበረም። ባላጋራዎች ለዳኝነት ሲቀርቡ ዋስ ይጠራሉ፤ በቀጠሮው ቀን ለመገኘት ዋስ ይጠራሉ፤ በሙግቱ መካከል በቅሎ፣ ፈረስ ወይም ማር ሲወራረዱ የውርርዱን ዕዳ የሚሸከም ዋስ ይጠራሉ። ዋሱ ባለጉዳዩን የሚያውቅ፣ ቤቱንና ርስቱን የሚያውቅ፣ ቢጠፋ የት እንደሚፈልገው የሚያውቅ ሰው ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዋስትና የሚናገር ክፍል አለው፤ ይሁን እንጂ በየአውራጃው ችሎት የሠራው በአመዛኙ የልማድ ሕግ ነው። የልማዱ መሠረት ደግሞ ዝምድናና ጉርብትና ነበር።

ዋስ ያጣ ሰውስ? እርሱ ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል። ቁራኛ የሚለውን ቃል ዛሬ የምንጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር በፍቅርም በጥላቻም የተጣበቀውን «ቁራኛው ሆነ» እንላለን። በጥንቱ ዳኝነት ግን ቁራኛ እጅ ለእጅ መታሰር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ለቀላል ጉዳይ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ መሄዳቸውን የውጭ አገር ተጓዦችም እየተገረሙ ጽፈውታል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይህን ሥርዓት እንደ አረመኔነት ብቻ አይተን እናልፈዋለን። ቁራኛ ጨካኝ ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ዛሬ በእኛ ሥርዓት የሌለ አንድ ጠባይ ነበረው። ከሳሹም አብሮ ይታሰር ነበር። ሰውን ከፍርድ በፊት ነጻነት መንሣት ለነሺውም ዋጋ ያስከፍለዋል። ክሱ ከንቱ ከሆነ ወይም ከሳሹ ጉዳዩን ለማፋጠን ካልፈለገ፣ የራሱም እርሻ ጦሙን ያድራል። ዛሬ ተጠርጣሪው ወደ ማረፊያ ቤት ሲመለስ መርማሪውም ዐቃቤ ሕጉም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ይህን የምለው ቁራኛ ይመለስልን ለማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። (ሣቅ) የቅድመ ፍርድ እስራት ወጪ በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ አዲስ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በሌላ በኩል ጥንታዊውን ዋስ ማሞገስም አይገባም። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ፣ ዘመድ የሌለው፣ ባሪያ የተባለ ሰው ማን ዋስ ይሆነዋል? «ዋስህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለባለ አገሩ ጋሻ፣ ለባዕዱ ወጥመድ ነበር። ይህን ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ዛሬም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ሲያልፍ ዕፅ ይዞ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከዚሁ ወጥመድ ጋር ይገናኛልና።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ባነሣ ቅር አይላችሁም። ዛሬ ዕፅ የወንጀሉ ፍሬ ነገር ነው፤ በጥንቱ ዳኝነት ግን ዕፅ የምርመራ መሣሪያ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለውን ልማድ ከታሪክ መጻሕፍት ታውቁታላችሁ። ሌብነት ሲፈጸም አንድ ልጅ የሚያፈዝ መጠጥ ይጠጣል፣ ጢስ ይስባል፤ ከዚያ ወገቡን በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል። ተዝለፍልፎ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። የአእምሮን ሁኔታ የሚለውጥ ነገር መቼ ወንጀል፣ መቼ መድኃኒት፣ መቼ ማስረጃ፣ መቼ የንግድ ዕቃ እንደሚሆን የሚወስነው ዘመኑ ነው። ጫትን ተመልከቱ። እኛ ጫትን ወደ ውጭ ልከን የውጭ ምንዛሪ እናገኝበታለን፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከለከለችው።

ወደ ዘመናዊው ሥርዓት ልሻገር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴር በአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሥር ተቋቋመ፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ለእኛ ጉዳይ ወሳኙ ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የመጨረሻውን ረቂቅ ያዘጋጁት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው፣ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በማላያ ፌዴሬሽን ዋና ዳኛ ነበሩ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የነበረው የሥነ ሥርዓት ሕግ ከሕንድ የመነጨ ሲሆን፣ ወንጀሎችን አስቀድሞ «ዋስትና የሚያሰጡ» እና «ዋስትና የማያሰጡ» እያለ ይከፍል ነበር። የእኛ ሕግ ይህን ክፍፍል እንዳለ አልገለበጠም፤ መንፈሱ ግን ገብቷል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰውየው ከመጠየቅ በፊት ስለ ወንጀሉ ስም መጠየቅ ተጀመረ።

ሕጉ ተጠርጣሪው የሚያልፍባቸው ሦስት በሮች አሉት። የመጀመሪያው በአንቀጽ 28 ያለው የፖሊስ በር ነው። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስከትል ከሆነ ፖሊስ ራሱ ሰውየውን በዋስ ሊለቅ ይችላል። ሁለተኛው አንቀጽ 63 ነው፤ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ የተበደለውም ሰው የማይሞት ሲሆን ዋስትና ይፈቀዳል። ሦስተኛው አንቀጽ 67 ነው። እዚህ ላይ ነው ዳኛው በእውነት ዳኛ የሚሆኑት። ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ ይፈጽማል ወይ? ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይ? ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ወይ? ሦስቱም ስለ ሰውየው የሚጠይቁ ናቸው፤ ከ«ዋስህ ማን ነው?» ጋር የሥጋ ዝምድና አላቸው። አንቀጽ 69ም የዋስትናው መጠን ሲወሰን የሰውየው አቅም እንዲታይ ያዝዛል። ሕጉ ፍርድ ቤቱ በዋስትና ማመልከቻ ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወስን ማስገደዱንም አትርሱ።

የደርግን ዘመን በፍጥነት አልፋለሁ። ሥነ ሥርዓቱ በመጽሐፍ ላይ ነበር፤ ልዩ ፍርድ ቤቶችና ያለ ፍርድ መታሰር ግን ትርጉሙን አጥፍተውት ነበር።

ከዚያ 1987 ዓ.ም. መጣ። ይህ ዓመት ለእኛ ርዕስ በጣም ልዩ ነው፤ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰነዶች ተከታትለው ገብተዋል። በጥቅምት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1988ቱን የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ሕገ ወጥ ዝውውር መከላከያ ስምምነት ተቀበለች። በኅዳር ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። የመጀመሪያው «አጥብቃችሁ ያዙ» ይላል። የሁለተኛው አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤት ዋስትናን መከልከል የሚችለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች እንደ ሆነ ይደነግጋል። መብቱ መነሻ፣ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሁለቱ ሰነዶች የሚጋጩ ይመስለዋል። ስምምነቱን ቀረብ ብሎ ያነበበ ግን የተለየ ነገር ያያል። አንቀጽ 3 ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። በንዑስ አንቀጽ 1 ማምረት፣ መሸጥ፣ ማዘዋወርና የመሳሰሉት አሉ። ለራስ ጥቅም መያዝ፣ መግዛትና ማብቀል ግን በንዑስ አንቀጽ 2 ለብቻው ተቀምጧል፤ ያውም የየአገሩን ሕገ መንግሥታዊ መርሆዎች በማክበር የሚል ገደብ ተጨምሮበት። በንዑስ አንቀጽ 9 አገሮች ተከሳሹ በችሎት መገኘቱን ለማረጋገጥ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ሲታዘዙ፣ ትእዛዙ የተሰጠው በንዑስ አንቀጽ 1 ስለተዘረዘሩት ወንጀሎች ነው። ኪሱ ውስጥ ለራሱ የሚሆን ስለያዘው ሰው አይደለም። ስለዚህ በትንሽ ይዞታ ጉዳይ ዋስትናን ለመቃወም «ዓለም አቀፍ ግዴታችን ነው» የሚል ሁሉ ጽሑፉን እንደ ገና ቢያነብ መልካም ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን መለያየት በበቂ ሁኔታ አልጠበቀውም። አንቀጽ 525 ረጅም የግሥ ሰልፍ ይዟል፤ ማምረት፣ መቀበል፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ መግዛት፣ ማከፋፈል እያለ ይቀጥላል፤ መጠቀምም በዚሁ አንቀጽ ጣሪያ ሥር ነው። የንዑስ አንቀጽ 1 ቅጣት ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ነው። አሁን አስቡት። ካናቢስ የሚያጨስ ሰው ከማጨሱ በፊት ከአንድ ሰው መቀበል አለበት፤ ገንዘብ ሰጥቶ መግዛት አለበት፤ እስኪያጨሰው ድረስ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት። አንድ ድርጊት በሦስት ግሦች ሊጻፍ ይችላል። የትኛው ግሥ በክስ ማመልከቻው ላይ እንደሚሰፍር የሚመርጠው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ ከዚያ ምርጫ በኋላ የዋስትናው ክርክር ግማሽ መንገድ አልቋል።

እንዴት አልቋል? ጽኑ እስራት ስለተጻፈ የፖሊስ በር ተዘጋ። ሁለተኛው በርስ? «ከ5 ዓመት የማያንስ» የሚለው ሐረግ መነሻውን እንጂ ጣሪያውን አይናገርም። ጣሪያው ካልተነገረ ጠቅላላው ደንብ ይሠራል፤ በአንቀጽ 108 መሠረት ጽኑ እስራት እስከ 25 ዓመት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ይህ ወንጀል «15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ» ነው ወይስ አይደለም? መነሻውን ብናይ አይደለም። ጣሪያውን ብናይ ነው። በአንድ ሐረግ አነባበብ ላይ አንድ ሰው ለበዓል ቤቱ መግባቱ ወይም ማረፊያ ቤት መዋሉ ተንጠልጥሏል። በዚህ ላይ የአንቀጽ 63 ሁለት ሁኔታዎች፣ ማለትም የቅጣቱ ክብደትና የተበዳዩ መሞት፣ ዋስትናን ለመከልከል አብረው መሟላት አለባቸው ወይስ አንዱ ይበቃል የሚለው በዳኞችና በጠበቆች መካከል ሲያከራክር ኖሯል። አብረው መሟላት አለባቸው ካልን፣ በዕፅ ይዞታ ጉዳይ የሚሞት ተበዳይ ስለሌለ ክልከላው ከሥሩ ይነቀላል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። መብቱ መነሻ፣ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ከሆነ፣ ልዩ ሁኔታ በጠባቡ ይተረጎማል። ጣሪያው ባልተጻፈበት ድንጋጌ ላይ ጣሪያን ከጠቅላላ ክፍል ተውሶ መብትን መዝጋት ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅደው አይመስለኝም። ጉዳዩ ወደ ሦስተኛው በር መድረስ አለበት፤ እዚያ ዳኛው ስለ ሰውየው ይጠይቁ።

ሕግ አውጪው ዋስትናን በግልጽ መከልከል ሲፈልግ እንዴት እንደሚያደርገው ታሪካችን በሚገባ አሳይቶናል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ አቶ ስዬ ግን ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። በዚያው ሰሞን በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። እርሱም በ1997 ዓ.ም. ተሻሽሎ ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ ለሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ተወሰነ። የ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅም የየራሳቸውን ክልከላ አስቀመጡ። እነዚህን ሕጎች መተቸት ይቻላል፤ ቢያንስ ግን ክልከላቸው በግልጽ ተጽፏል። እስከተከታተልኩት ድረስ ለዕፅ ይዞታ ተለይቶ የወጣ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ምክር ቤቱ ያልዘጋውን በር በትርጉም መዝጋት ለምን አስፈለገ?

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በሚዛን ለመፍታት ሞክረዋል። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን የሩቅ ዘመድ የሆነችውን ሕንድን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የዕፅ ሕጓ በ1989 ሲሻሻል ዋስትናን እጅግ አጠበበው፤ ዳኛው ተከሳሹ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ለማመን በቂ ምክንያት ካላገኙ አይለቁም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2001፣ ሕጉ እንደ ገና ተሻሽሎ ያ ጥብቅ ደንብ በዋናነት ለንግድ መጠን እንዲሠራ ተደረገ። ጋንጃ ሲሆን እስከ 1 ኪሎ ግራም ትንሽ መጠን፣ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የንግድ መጠን ተብሎ በሰንጠረዥ ተለየ። ሰንጠረዡ ፍጹም አይደለም፤ በመካከል ለወደቀው ሰው ችግሩ አለ። ሆኖም ዋስትናው በሚመዘን ነገር ላይ ቆመ። በእኛ የወንጀል ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም።

አሁን ወደ ችሎቱ ልግባ። ባለፉት ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር የጊዜ ቀጠሮ ችሎቶችን ስከታተል ደጋግሜ ያየሁት ሥርዓት አለ። መርማሪው ይቆምና «የተያዘው ቅጠል ለምርመራ ተልኳል፤ ውጤቱ አልመጣም፤ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልኝ» ይላል። አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ እንዳይሰጥ ይገድባል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይገድብም። ተጠርጣሪው ዋስትና ሲጠይቅ መልሱ «ቢለቀቅ ማስረጃ ያጠፋል» ይሆናል። ማስረጃው ታሽጎ በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ነው! ከላቦራቶሪ ገብቶ ምን ያጠፋል? ወይም ደግሞ «ሱሰኛ ስለሆነ ሌላ ወንጀል ይሠራል» ይባላል። ይህ ክርክር ወደ ራሱ የሚዞር ነው፤ የተጠረጠረበትን ድርጊት እንደ ተረጋገጠ ቆጥሮ ከዚያ የወደፊቱን ይተነብያል። ጥሩ ዳኞች «በምን ማስረጃ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ይህ አጭር ጥያቄ የአንቀጽ 67 ነፍስ ነው።

ዋስትናው ሲፈቀድ ደግሞ ጥንታዊው ጥያቄ በአዲስ ልብስ ይመለሳል። ዋሱ ማን ነው? ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማስረጃ ያመጣል፤ ያለው የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ያስይዛል፤ የሌለው ጥሬ ብር ይፈልጋል። ከገጠር መጥቶ በአዲስ አበባ በቀን ሥራ የሚኖር፣ መታወቂያ የሌለው ልጅ፣ እንዲሁም በቦሌ በኩል ሲያልፍ የተያዘው የውጭ ዜጋ፣ በጥንቱ ችሎት ዋስ ያጣውን መንገደኛ ናቸው። ለውጭ ዜጋው ፓስፖርት መያዝና ከአገር እንዳይወጣ ማገድ ለብዙዎች በቂ ሊሆን ይችላል። ለቀን ሠራተኛው ግን ሕጉ የሚጠይቀው አቅሙ እንዲታይ ነው፤ ሊከፍለው የማይችል ዋስትና መፍቀድ በጨዋ ቋንቋ መከልከል ነው።

በዚህ ክፍል ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ ትሆናላችሁ፤ ስለዚህ ሕግ እስኪሻሻል ሳይጠበቅ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር ልጠቁም። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ችሎት ሲቀርብ የተያዘበት ነገር ክብደት በግራም ተጽፎ መዝገቡ ላይ ይስፈር። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በየገበያው ያለ ሚዛን ይበቃል። የቅጠሉ ዓይነት ኋላ በምርመራ ይረጋገጥ። ክብደቱ ከመጀመሪያው ቀን ከተመዘገበ ዐቃቤ ሕጉ «ማከፋፈል» የሚለውን ግሥ ሲመርጥ ዳኛው «5 ግራም ለማን ይከፋፈላል?» ብለው ለመጠየቅ መሠረት ያገኛሉ። አሁን ባየኋቸው መዝገቦች ብዙውን ጊዜ የሚነበበው «መጠኑ ለጊዜው ያልታወቀ» የሚለው ሐረግ ነው፤ ይህ ሐረግ በመዝገቡ ላይ ባለበት ሁሉ የዋስትና ጥያቄው ለቀጣዩ ቀጠሮ ይተላለፋል።

ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ አለን።